ከዓርብ እስከ ሰኞ

ቤቱ ሁለት ክፍልና አንድ ጠባብ ኮሪደር ነበረው። ኮሪደሩ ላይ የእናትየው የልብስ ስፌት መኪና ስለቆመ፣ የሚገባም የሚወጣም ሰው በጎኑ ሹልክ ብሎ ነበር የሚያልፈው። እናትየው የተማሪ ዩኒፎርም ሰፊ ናት። ባሏ ገና በአርባ ሁለት ዓመቱ ፊቱና እግሩ አባብጦ፣ ምን እንደያዘው በወጉ ሳይታወቅ ሲሞት፣ ወንዱ ልጇ አሥራ አራት ዓመቱ፣ ሴቷ ደግሞ ስምንት ነበረች። ከዚያ ወዲህ ሁለቱን ያሳደገቻቸው ያቺ መኪና ናት ማለት ይቻላል። ወንዱ ሰዓት ጥገና ተማረና ሲያድግ ከአውቶቡስ ማቆሚያው ፊት ለፊት ቁም ሣጥን የምታክል ሱቅ ከፈተ። ሴቷ ማተሚያ ቤት ተቀጥራ አራሚ ሆነች። መጽሐፍ ከመታተሙ በፊት እያነበበች ግድፈት ትለቅማለች፤ አንዲት የተሳሳተች ፊደል ሦስት መቶ ገጽ ውስጥ ብትደበቅ እንኳ አታመልጣትም። ወንድሟ በዚህ የተነሣ ስሟን ትቶ፣ ከነጠላ ሰረዝ ወስዶ «ሰረዜ» ይላታል። እሷ ደግሞ በስድስት ዓመት ስለሚበልጣት «ጋሼ» ነው የምትለው። ማታ ከሥራ ስትወጣ ሱቁ ደጃፍ ቆማ ትጠብቀዋለች፤ እሱ መዝጊያውን ስቦ ይቆልፍና እየተበሻሸቁ አብረው ወደ ቤት ይሄዳሉ። ከዚህ የበለጠ ምን ሀብት አለ?

ሴቷ ሃያ ስምንት ዓመት እንደሞላት መድከም ጀመረች። መጀመሪያ ጠዋት ጠዋት ያቅለሸልሻት ነበር። ቀጥሎ ጫማዋ አልገባ አላት። ከዚያ ፊደሎቹ ከመስመራቸው እየወጡ ይዋኙባት ጀመር። አንድ ቀን የማተሚያ ቤቱ ኃላፊ ታትሞ ያለቀ መጽሐፍ አምጥቶ ጠረጴዛዋ ላይ አስቀመጠ። ሽፋኑ ላይ የደራሲው ስም አንድ ፊደል ጎድሎታል። «ይሄን ያሳለፍሽው አንቺ ነሽ?» አላት፣ ከመቆጣት ይልቅ እየገረመው። ሰባት ዓመት አብረው ሲሠሩ እንዲህ ያለ ነገር አይቶባት አያውቅም ነበር። በማግስቱ ወንድሟ ሱቁን ዘግቶ ሆስፒታል ወሰዳት።

የኩላሊት ሐኪሟ ነገር የማታድበሰብስ ሴት ነበረች። ሦስቱንም አስቀምጣ፣ «ሁለቱም ኩላሊቶችሽ ተኮማትረዋል። የቀራቸው ጉልበት ከመቶ ስምንት እጅ ነው» አለቻት።

«አባቷን የገደለው ነው?» ስትል እናትየው ጠየቀች።

«ሊሆን ይችላል፣ ላይሆንም ይችላል። የእሳቸው ምርመራ በእጃችን ስለሌለ እርግጠኛ ሆኜ አልናገርም። አሁን የሚሻላት ንቅለ ተከላ ነው።»

ወንድምየው ማንም ሳይጠይቀው፣ «የኔን ውሰዱ» አለ።

እናትየው ደም ግፊትም ስኳርም ስላለባት ከመጀመሪያው አልታሰበችም። የወንድምየው ደም ተመረመረ፤ ገጠመ። ቀጥሎ ያለውም ምርመራ ገጠመ። ሐኪሟ ይህን የነገረቻቸው ሦስቱም በተቀመጡበት ነው። እናትየው ተነሥታ የሐኪሟን እጅ ሳመች። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የሰጪው የራሱ ኩላሊት ጤነኛ መሆኑን ማረጋገጥ። ለዚያ ማክሰኞ ዕለት ብቻውን ሄደ። ውጤቱንም ብቻውን ሰማ።

«ያንተም ታመዋል» አለችው ሐኪሟ። «ግማሽ ጉልበት እንኳ የላቸውም። አሁን ምንም አይሰማህም፤ በደንብ ከያዝከው አራት ዓመት፣ ምናልባት አምስት ይቆዩልሃል። ከዚያ አንተም የኩላሊት እጥበት ያስፈልግሃል።»

ሰዓት ሠሪው የውጤቱን ወረቀት አጥፎ ኪሱ ከተተ። ከዚያ፣ «ለእናቴ እንዳይነግሩብኝ» አላት።

«ምስጢሩ ያንተ ነው፤ አልነግርም። ግን ምን ልትላቸው ነው? መግጠማችሁን እኮ በጆሯቸው ሰምተዋል። ‘አልችልም’ ካልክ ለምን ይሉሃል።»

ይህን ጥያቄ ይዞ ወጣ። አውቶቡስ ሳይሳፈር በእግሩ እያዘገመ አሰበበት። እውነቱን ቢናገር እናቱ ባሏን የቀበረችበት በሽታ ሁለቱንም ልጆቿን እንደያዘ በአንድ ቀን ልትሰማ ነው። እህቱም ተስፋ ትቆርጣለች። ታዲያ ምን ዓይነት ውሸት ይበቃል? የሚበቃ ውሸት አንድ ብቻ አገኘ። ትክክል ነበር ወይ? ቢናገር ኖሮ ሦስቱም ተቃቅፈው ያለቅሱና በማግስቱ ተነሥተው የሚሆነውን ያደርጉ ነበር ይሆናል… ሰው ግን በፍርሃት ቀን የሚታየው ከፊቱ ያለው መንገድ ብቻ ነው።

ቤት ደርሶ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። እናትየው እግሯን ከመኪናው ፔዳል ላይ አንሥታ ቀና አለች።

«እሺ፣ መቼ ነው የምትተኙት?»

«አልሰጥም እማዬ።»

«ምን አልክ?»

«ፈራሁ። ቢላ ፈራሁ።»

አራሚዋ በሩ ላይ ነበረች። ፊቷን አዙራ ወደ ክፍሏ ገባች። እናትየው ግን የተናገረችውን ጎረቤት ሁሉ ሰማው። «አባትህ ቢኖር ሁለቱንም አውጥቶ ይሰጣት ነበር። ውጣልኝ። ከዛሬ ጀምሮ ያለችኝ አንዲት ልጅ ናት።» እሱም የመሣሪያ ሣጥኑንና ሁለት ቅያሪ ልብሱን ይዞ ወጣ። ከሱቋ ጀርባ አንዲት ፍራሽ የምትበቃ ክፍል ነበረች፤ እዚያ ገባ።

አራሚዋ እጥበት ጀመረች። ክንዷ ላይ ሁለት የደም ስሮች በቀዶ ጥገና ተገናኙ፤ ስሩ ወፍሮ እንደ ገመድ ጎላ። ማክሰኞ፣ ሐሙስና ቅዳሜ ሁለት ወፋፍራም መርፌዎች ይሰኩበታል። በአንዱ ደሟ ይወጣል፣ ማሽኑ አጠገብ በቆመው ማጣሪያ ያልፋል፣ በሌላው ይመለሳል። ይህ አራት ሰዓት ይፈጃል። የእጥበት ክፍሉ አሥራ ሁለት ወንበር አለው፤ ከወንበሮቹ አንዱ ከእግር በኩል ስለተሰበረ በእንጨት ተደግፏል፣ እሱ የደረሰው ሰው ቀኑን ሙሉ ይቀለድበታል። አራሚዋን የከበዳት መርፌው ሳይሆን ከእጥበቱ በኋላ ያለው ነው። ሁለት ቀን የተጠራቀመ ውሃ በአራት ሰዓት ሲወጣላት የደም ግፊቷ ይወርዳል፣ ባቷን ቁርጠት ይይዛታል፣ ቤት ስትገባ ተዘርራ ትውላለች። ኃላፊው ለአንድ ዓመት ታገሣት። ከዚያ ስህተቱ ሲበዛ በትሕትና አሰናበታት። እናትየው ቀን ከሌት ትሰፋለች፣ ዓይኗ ይደክማል፣ እጇ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ወንድሟ ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ እህቱ ከአውቶቡስ ስትወርድና ግድግዳ ይዛ ስትሄድ በሳምንት ሦስት ቀን ያያል። አንድ ጊዜ ሊይዛት ወጣ። እጁን ከክንዷ ላይ አንሥታ መንገዷን ቀጠለች።

ሁለት ዓመት ተኩል እንዲህ አለፈ። አንድ ቅዳሜ ሐኪሟ ጉብኝት ስታደርግ አራሚዋ፣ «ከዚህ የተለየ እጥበት የለም ወይ?» አለቻት።

ሐኪሟ ወንበር ስባ ተቀመጠች። «አለ እንጂ። ስሚ፤ ጤነኛ ኩላሊት በሳምንት መቶ ስልሳ ስምንት ሰዓት ነው የሚሠራው። እኛ ይህንን በአሥራ ሁለት ሰዓት እንተካዋለን እያልን ነው። አንደኛው ዓይነት ይሄ የምታውቂው ነው። ሁለተኛው ደሙ ሲጣራ ብዙ ንጹሕ ፈሳሽ እየተጨመረበት፣ ይሄኛው የማያወጣውን ትልልቁን ቆሻሻም ጠርጎ ያወጣል። ጥሩ ነው፤ ያሉን ግን ሁለት ማሽኖች ናቸው፣ የሚጠቀሙባቸውም ካንቺ የባሰባቸው ናቸው። ሦስተኛው ተኝተው ስምንት ሰዓት ያህል በዝግታ የሚታጠቡት ነው። ለልብ ይስማማል፤ ግን እዚህ የሚያድር ሠራተኛ የለንም። አራተኛው በቤት ነው። አጭር አጭር፤ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ውሃው ሳይጠራቀም ስለሚወጣ እንደዚህ አያንገላታም።»

«ከሁሉም የቱ ይሻላል?»

«ለማን? አንድ ሽማግሌ ቤቱ ማንም የለውም፤ ለእሱ የሚሻለው እዚህ መጥቶ ሰው እያየ መዋል ነው። አንቺ ወጣት ነሽ፣ ብዙ ውሃ በአንዴ ሲወጣ ሰውነትሽ አይችልም። ላንቺ የቤቱ ይሻላል። ሆስፒታሉ ማሽኑን ይሰጣል። ግን ሦስት ወር የሚሠለጥን፣ እጁ የማይንቀጠቀጥ ረዳት ያስፈልግሻል። አለሽ?»

አራሚዋ፣ «የለኝም» አለች። እናትየው ግን አጠገቧ ተቀምጣ ነበርና ሰማች።

በማግስቱ እናትየው ሰዓት ሱቁ ባንኮኒ ፊት ቆመች። ሁለት ዓመት ተኩል ሙሉ በዚያ በር ስታልፍ ፊቷን አዙራ ነው። ልጇ አጉልቶ የሚያሳየውን መነጽር ከዓይኑ አውጥቶ ቆመ።

«ተቀመጪ እማዬ።»

«ልቀመጥ አልመጣሁም። እህትህ የሚወጋት ሰው ትፈልጋለች። በቤት፣ በየቀኑ። እኔ ክር ከመርፌ ማስገባት እንኳ አቅቶኛል።» እጇን ዘርግታ አሳየችው፤ ጣቶቿ ይርገበገቡ ነበር። «ኩላሊትህን ፈራህ፤ ይሁን። እጅህንስ ትፈራዋለህ?»

«እጄን አልፈራም» አላት።

ሥልጠናው የተጀመረው በሳምንቱ ነው። አሠልጣኟ ነርስ በሠላሳ ዓመት ሥራዋ ብዙ ረዳት አሠልጥናለች፤ እንዲህ ያለ እጅ ግን አላየችም። «ወንድሜ፣ አንተ ተፈጥሮህ ለዚህ ነው» ስትለው፣ «ሲስተር፣ ከሩዝ ፍሬ የሚያንስ ብሎን ስለቅም እኮ ነው ያረጀሁት። ይሄ ለኔ የበር ማጠፊያ ነው» አላት። የውሃውን ማጣሪያ፣ የቱቦውን አገጣጠም፣ የማስጠንቀቂያ ድምፆቹን ትርጉም ከሁሉ ቀድሞ ያዘ። ሐኪሟ ግን ቢሮዋ ጠርታው በሩን ዘጋች። በየሦስት ወሩ በምስጢር የምትመረምረው እሷው ናት።

«ያንተም ኩላሊት ከመቶ ሃያ አምስት እጅ ነው የቀረው» አለችው። «ስትታመም ማን ነው የሚረዳህ?»

«ያኔ እናያለን ዶክተር።»

«ንገራቸው።»

«መጀመሪያ እሷ ትቁምልኝ።»

ቧንቧ ሠራተኛ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ መስመር ዘረጋ። የስፌት መኪናው ወደ እናትየው መኝታ ክፍል ገባ፤ በቦታው የውሃ ማጣሪያው ቆመ። ማሽኑ የአራሚዋ አልጋ አጠገብ ተተከለ። እናትየው፣ «ይሄ እንግዳ የሚጠጣው ውሃ!» አለች፣ ከረጅም ጊዜ በኋላ ቤት ውስጥ የተሰማ የመጀመሪያው ቀልድ ነበር። በመጀመሪያው ቀን ሰዓት ሠሪው እጁን ታጥቦ፣ ጓንት አድርጎ፣ እህቱ ጎን ተቀመጠ። እሷ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ እንደማታውቀው ሰው፣ «ይጀምሩ» አለችው። እርስዎ ማለቷ ነው። ሰዓት ሠሪው ስሩን በጣቱ ዳሰሰና መርፌውን አስገባ። አላመማትም። አለማመሙ ራሱ አናደዳት።

ሳምንታት አለፉ። በየቀኑ ከሱቁ መልስ በአሥራ አንድ ሰዓት ይመጣል፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አጠገቧ ይቀመጣል፣ ነቅሎ፣ አጽድቶ፣ «ደህና ሁኑ» ብሎ ይሄዳል። ሁለተኛው ወር ላይ የእግሯ እብጠት ጠፋ። በሦስተኛው ደረጃ ሳታርፍ ወጣች። በአራተኛው አንድ ቀን እጥበቱ ላይ ሆና የማሽኑን መመሪያ መጽሐፍ ስታነብ፣ «ይሄን ያረመው ማነው? ‘ደም’ የሚለውን ‘ዳማ’ ብለውታል» አለች።

«ዳማም ያው ይጫወቱበታል፣ ደምም እንደዚያው» አላት ሰዓት ሠሪው ከማሽኑ ዓይኑን ሳያነሣ።

«ሂድ ወዲያ ጋሼ» አለችው። ቃሉ አምልጧት ነው። ሁለቱም ሰሙት፣ ሁለቱም ያልሰሙ መሰሉ። ከዚያን ዕለት ጀምሮ «እርስዎ» ቀረ። ይቅርታ ግን አልተነሣም። ኩላሊቱን የነፈጋትን ሰው እጁን ወደደችው፤ ሌላውን እንዳልታረመ ገጽ አለፈችው። በዓመቱ ማተሚያ ቤቱ መልሶ ቀጠራት።

በቤት እጥበቱ አንድ ዓመት ተኩል ሲሞላ፣ አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሰዓት ሠሪው እንደ ወትሮው ጎንበስ ብሎ የመጀመሪያውን መርፌ አስገባ። ትንፋሹ ፊቷን ነካት። አራሚዋ ያን ሽታ ታውቀዋለች። ብረትና ሽንት የተቀላቀለበት፣ ጥርስ ቢቦርሹ የማይለቅ ሽታ ነው፤ ከአራት ዓመት በፊት ከራሷ አፍ ይወጣ ነበር።

«ጋሼ፣ ቀና በል እስቲ። ወደኔ ተንፍስ።»

«ምነው፣ ትራፊክ ሆንሽ?»

«ተንፍስ አልኩህ።»

አልተነፈሰም። ቀና ሲል በመስኮቱ ብርሃን አየችው። ቆዳው አመድ መስሏል፤ የሰዓቱ ማሰሪያ ያበጠ ቆዳው ላይ ምልክት ትቷል። ዓመት ተኩል ሙሉ በየቀኑ አጠገቧ የተቀመጠውን ሰው፣ ግድፈት የማያመልጣት ሴት አንድም ቀን አላነበበችውም።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ሁለተኛውን መርፌ ልጨርስ፤ ደሙ እንዳይረጋ» አለ። ጨረሰ። ማሽኑን አስነሣ። አሁን እሷ በሁለት ቱቦ ታስራለች፣ ተነሥታ መሄድ አትችልም፤ እሱም ሊያመልጥ አልፈለገም። በርጩማው ላይ ተቀምጦ ያቺን ማክሰኞ ነገራት። ሐኪሟ ያለችውን፣ በእግሩ የመጣበትን መንገድ፣ ኮሪደሩ ላይ ሲቆም አፉ ውስጥ የነበረውን እውነትና የተናገረውን ውሸት። በወዲያኛው ክፍል የስፌት መኪናው ድምፅ ቆመ።

«ፈሪ ነው ብዬ… አራት ዓመት…» አለች አራሚዋ። መጨረስ አልቻለችም። ነፃ እጇን ዘርግታ ሸሚዙን ጨብጣ ያዘች፤ ማሽኑ የደም ግፊቷ መለወጡን ቆጥሮ መጮህ ጀመረ። እሱ በአንድ እጁ ድምፁን አጠፋ፣ በሌላው እንባዋን ጠረገ።

እናትየው በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀስ ብላ መጥታ ልጇ እግር ሥር ወለሉ ላይ ተቀመጠች። ሊያነሣት ሞከረ፤ እምቢ አለች።

«ያኔ ምን ነበር ያልኩህ?»

«ረሳሁት እማዬ።»

«አልረሳኸውም።»

«እሺ፣ አልረሳሁትም። ግን ካንቺ ጋር የምጣላበት አቅም የለኝም፤ ተነሺልኝ።»

እናትየው ራሷን ጉልበቱ ላይ ጣለች። እጥበቱ እስኪያልቅ ሦስቱም እንደዚያው ነበሩ። በዚያው ሳምንት ፍራሹንና መሣሪያውን ይዞ ወደ ቤት ተመለሰ።

ሐኪሟ ጋ የሄዱት ዓርብ ዕለት ነው። የሰዓት ሠሪው ኩላሊት ሰባት እጅ ቀርቶት ነበር። የቱ ይሻለዋል? ለእህቱ የሠራው ለእሱም ይሠራል፤ በቤት፣ በሳምንት ስድስት ቀን። ግን ረዳቱ ማን ነው? «እኔ» አለች አራሚዋ። ሐኪሟ አሰበችና፣ «ሁለታችሁም በሽተኞች ናችሁ። መጀመሪያ ራስሽን መውጋትና ማሽንሽን ብቻሽን ማዘዝ ተማሪ። ከዚያ እሱን ለመርዳት ትሠለጥኛለሽ። በጠቅላላው ሦስት ወር ነው። እስከዚያ እሱ እዚህ ይታጠባል፤ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ» አለች። ከዚህ የተሻለ ነገር አልነበረምና ተስማሙ።

አራሚዋ የገዛ ክንዷን መውጋት የተማረችው ከወንድሟ ነው። «እንደ ሰዓት መፍታት ነው» ይላታል፣ «የቸኮለ ይሰብራል።» በሦስተኛው ሳምንት ቻለችበት። እሱ ግን ሆስፒታሉ ውስጥ እየተንገላታ ነበር። ዓርብ ታጥቦ ሲመጣ ይደክመዋል፤ ቅዳሜ ደህና ይውላል፤ እሁድ ከሰዓት በኋላ ትንፋሽ ያጥረዋል፣ እግሩ ይከብዳል። በሳምንት ሦስት ቀን የሚታጠብ ሰው አንዱ ክፍተት የግድ ከሌሎቹ በአንድ ቀን ይረዝማል፤ የእሱ ከዓርብ እስከ ሰኞ ነበር። የአራሚዋ ዕረፍት ደግሞ እሁድ ነው። ያን ቀን ማሽኗ ሥራ ፈትቶ ይውላል። ዓይኗ እያየ፣ ወንድሟ በሚያቃስትበት ክፍል ውስጥ፣ ጨርቅ ለብሶ ይቆማል።

«እሁድ እሁድ በኔ ታጠብ» አለችው።

«ሰረዜ፣ እሱ ባንቺ ልክ የተሰፋ ነው። ሐኪሟም ከልክላለች።»

ሐኪሟን ጠይቃ የተሰጣት መልስ ይህ ነበር። አንድ ማሽን ለአንድ ሰው ነው፣ ማጣሪያውም በቁጥር ነው፣ ሥልጠናሽም አላለቀም፤ እሱ ላይ አንድ ነገር ቢደርስ ማን ይጠየቃል? ሐኪሟ የተሳሳተ ነገር አላለችም። «አምስት ሳምንት ነው የቀረን» አለ ሰዓት ሠሪው። «እስከዚያ ውሃ በማንኪያ እጠጣለሁ።» ሳምንቱ አራት ሆነ፣ ሦስት ሆነ። ቧንቧ ሠራተኛው ተመልሶ መጥቶ ሁለተኛ መስመር ዘረጋ። ሐሙስ ዕለት ሁለተኛው ማሽን በካርቶኑ መጣና መስኮቱ ሥር ተቀመጠ። እናትየው ልጆቿ በሁለት አልጋ ጎን ለጎን ተኝተው ሲታጠቡ በሐሳቧ እያየች መጋረጃ ሰፋች።

ሰኞ ጠዋት ሰዓት ሠሪው ከወትሮው ቀደም ብሎ ተነሣ። የእጥበት ተራው ስድስት ሰዓት ላይ ነበር። አንዲት አስተማሪ ሰዓቷን ልትወስድ ስለቀጠረችው መጀመሪያ ወደ ሱቁ ሄደ። «እግሬ ትንሽ ዝሏል» ብሎ ነበር ሲወጣ። እናቱ «አትሂድ» አላለችም፤ እግሩ ሳይዝል የዋለበት ሰኞ አልነበረምና። አስተማሪዋ በሦስት ሰዓት ስትደርስ አጉሊ መነጽሩን ዓይኑ ላይ እንዳደረገ ጠረጴዛው ላይ ደፋ ብሎ አገኘችው። የረቀቀ ነገር እያየ ነው ብላ ጥቂት ደቂቃ ቆማ ጠበቀችው። በኋላ ስትጠራው አልመለሰም።

ስልኩ የተደወለው ወደ ማተሚያ ቤቱ ነው። አራሚዋ ሆስፒታል ስትደርስ ሐኪሟ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀቻት።

«ኩላሊት የሚያስወግደው ፖታሺየም የሚባል ጨው በደሙ ውስጥ ተጠራቅሞ ልቡን አቁሞት ነው» አለቻት። «አልተሠቃየም።»

«ሰኞ ስለሆነ ነው?»

ሐኪሟ ልትዋሻት አልፈለገችም። «ከረጅሙ ክፍተት በኋላ ያለው ቀን ከሌላው ቀን ሁሉ የከፋ ነው። እናውቀዋለን።»

«ታዲያ ካወቃችሁት…»

«አሥራ ሁለት ወንበር ነው ያለኝ» አለች ሐኪሟ። «ሰባ ሁለት ሰው ነው የሚታጠብብኝ።»

ማክሰኞ ቀበሩት። ከቀብር ሲመለሱ አሥር ሰዓት አልፎ ነበር፤ ቤቱ በሰው ተሞልቷል። አራሚዋ ሰኞ ሳትታጠብ ውላለች። ሐዘን ቢሆንም፣ ወንድም ቢሞትም ደም መጣራት አለበት። እንዴት ያለ ነገር ነው፣ ሰው የወንድሙን አፈር ከጫማው ላይ አራግፎ ወደ ማሽን ሲሄድ? ክፍሏ ገብታ በሩን ገፋ አደረገች፣ እጇን ታጠበች፣ ቱቦዎቹን ገጠመች። እሱ የሚቀመጥበት በርጩማ ባዶ ነበር። መርፌውን አንሥታ ክንዷን ዳሰሰች፤ ሳትወጋ መልሳ አስቀመጠችው። እናትየው ገብታ በርጩማው ላይ ተቀመጠች። ፕላስተሩን በሚርገበገቡ ጣቶቿ ቀድዳ፣ ቀድዳ፣ አራት ቁራጭ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ደረደረች።

«አትቸኩዪ» አለቻት። «እዚሁ ነኝ።»

አራሚዋ እንደገና አነሣችው። ሁለቱንም አስገባች። ማሽኑ ተነሣ፤ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው የሚዞረውን ደም እያዩ፣ ከወዲያ ማዶ የለቀስተኞችን ድምፅ እየሰሙ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል አለቀሱ።

ሁለቱም የአንድ አባትና እናት ልጆች ነበሩ። በሽታቸው አንድ፣ ሐኪማቸው አንድ፣ ደማቸው በምርመራ ሁሉ የገጠመ። አንዷ በሳምንት ስድስት ቀን ታጠበች፣ አንዱ ሦስት ቀን። ይህን ዕድል እንበለው? ዕጣ ፈንታ ያደረገችው ሁለቱንም መያዝ ነው፤ ስንት ቀን እንደሚታጠቡ የወሰነችው ግን እሷ ብቻ አይደለችም። የወንበር ቁጥር ነው፣ የሥልጠና ሳምንት ነው፣ ደግሞም አንድ ወንድም በአራት ዓመት ዝምታ ውስጥ እህቱ ቀድማ እንድትድን የመረጠው ነው። የትኛው ገደለው ቢባል፣ መልሱን የሚያውቅ ሰው እዚህ የለም።

ከአሥር ቀን በኋላ አሠልጣኟ ነርስ ከሁለት ሠራተኞች ጋር መጣች። መስኮቱ ሥር ያለው ካርቶን ሳይከፈት ለሌላ በሽተኛ፣ ሦስት ልጆች ላሉት አንድ አናጢ ተመድቧል። ሚስቱ ሥልጠናዋን ጨርሳለች። እናትየው ካርቶኑ ግድግዳ እንዳይነካ በሩን በሁለት እጇ ገፍታ ያዘችላቸው። አራሚዋ እስከ መኪናው ድረስ አብራ ወጣች። ጭነው ሲያበቁ የነርሷን ክንድ ያዝ አደረገች።

«ሲስተር፣ ሚስትየዋን ሲያገኟት አንድ ነገር ይንገሩልኝ» አለች። «የዕረፍት ቀኑ አንድ ብቻ ይሁን። እንግዳ ቢመጣ፣ ቢደክማትም፣ እሱ ራሱ ‘ዛሬ ይቅርብኝ’ ብሎ ቢለምናትም፣ ሁለተኛ ቀን እንዳትጨምርለት።»

ነርሷ ራሷን ነቀነቀች። መኪናው ሄደ፤ አራሚዋም አሥራ አንድ ሰዓት ሊሆን ስለነበር ወደ ቤት ገባች።